ዜብራው ላይ የቀረው ዱዓ

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ። ጠዋት 3፡15

ቆሮሶ ዓሣ፣ ሁለት ሳጥን። በረዶ አልበቃም። ላዩን በእርጥብ ጆንያ ሸፈንኩት። ከሐይቁ ዳር እስከ አስፓልቱ ያለው ኮረኮንች የሞተ ዓሣ ያስነሳል። ለሦስት ምግብ ቤት በሞተሬ አደረስኩ፣ አንዱ እንደ ልማዱ ትንሽ ነው ብሎ አጉረመረመ። ዓሣ ማሳደግ የኔ ሥራ አይደለም።

ዜብራው ላይ ዛሬም ሦስት ጊዜ ቆምኩ። ከኋላዬ የነበረ ባጃጅ ክላክሱን እንደያዘ ቀረ። ሲያልፈኝ አንገቱን አውጥቶ፣ "ሰኢድ ዜብራ!" ስሜ ሆኗል እንግዲህ። የአባቴን ስም ትተው የመንገድ ቀለም ቀጠሉልኝ።

ደብተሬ፣ አንቺ እንኳ ከየት እንደመጣብኝ ታውቂያለሽ። ዱባይ ምግብ በሞተር ሳመላልስ፣ ገና በመጀመሪያው ወር፣ ለእግረኛ አልቆምክም ብለው ቀጡኝ። ከዚያ ወዲህ ነጭ መስመር ሳይ እግሬ ሳያማክረኝ ፍሬን ይረግጣል። አምስት ዓመት ሙሉ ቆምኩላቸው። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። ስልካቸውን እያዩ ያልፋሉ።

እዚህ ሐይቅ ከተማ ግን የቆሙለት ሰው ዝም ብሎ አይሻገርም። ይመርቃል። አሮጊት ከሆነች ደግሞ መሃል መንገድ ላይ ቆማ፣ የያዘችውን መሬት አስቀምጣ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ነው የምትመርቀው። እኔም ሄልሜቴን አወልቅና አሚን እላለሁ። ሄልሜት እንዳጠለቁ አሚን ማለት ነውር ይመስለኛል።

የዛሬ ዱዓ፦ "መንገድህን ያቅናው።" "እንዳከበርከኝ አላህ ያክብርህ።" ሦስተኛዋ የቸኮለች ተማሪ ናት፣ ፈገግ ብላ ሮጠች። እሷንም ጽፌያታለሁ። ሰው በማር ይሰስታል፣ እኔ በምርቃት።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ። ከቀትር በኋላ

ሐያት ሰባተኛ ወሯን ያዘች። (ባለቤቴን ከዛሬ ጀምሮ ሐ. ብቻ እያልኩ እጽፋታለሁ። ስሟን ሙሉውን ከእርግዝናዋ ጋር ስጽፍ እጄ ይፈራል።) ከዚህ በፊት ሁለት ወርደውብናል። ሁለቱም በአምስተኛ ወራቸው። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ የሕፃን ልብስ የለም፣ ስም አይነሳም፣ "ሲወለድ" የሚል ቃል አይወጣም። ጤና ጣቢያ ደህና ነው ይሉናል። ደህና ነው የሚለውን በፊትም ሰምተነዋል።

አንድ ነገር አሰብኩ። ሰዉ ሁሉ የሚመርቅልኝ መንገዴን ነው። መንገዴ ምን ሆነ? መንገዴ ደህና ነው። ዱዓ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው። ከትናንት ጀምሮ እየጠየቅኩ ነው። እናቴ፣ ለባለቤቴ ዱዓ ያርጉልኝ፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ እላለሁ። አንድም ሰው እምቢ አላለም። ወሎ ላይ ዱዓ ተለምኖ ማን እምቢ ይላል።

ለሐ. ነገርኳት፣ ደስ ይላታል ብዬ። ሳቀችብኝ። ለማኝ ሆንክ እንዴ፣ ያውም በሞተር የሚለምን፣ አለችኝ። ቆይታ ግን ሳቁ ከፊቷ ጠፋ። ሰው መሃል መንገድ ላይ አታቁም፣ ዱዓ ከፈለግህ ቤታቸው ሄደህ ጠይቅ፣ አለች። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ለኔ ቀላል ነው።

የዛሬ ዱዓ፦ አምስት። ሁለቱ ለልጁ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ። ምሳ ሰዓት

ወደ አርዲቦ ሐይቅ ወጥቼ ነበር፣ እዚህ ዓሣ ስላነሰ። ስመለስ ዜብራው ላይ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ምርቃታቸው ረዥም ነው፣ ከአዳም ጀመሩ። ከኋላዬ መኪና ተሰለፈ። ክላክስ በክላክስ ሆነ። እኔ ወይ ፍንክች። ጨርሰው ሲሄዱ አንድ ሹፌር ወርዶ ሊመታኝ ደረሰ፣ ሰው ገላገለን። ወላሂ ደስ ብሎኝ ነበር። ሙሉ ዱዓ፣ ከነማሰሪያው።

ሐ. ስትሰማ ሰሃኑን ትንሽ ጮክ አድርጋ አስቀመጠችው።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ሰው ሞተ። ዜብራው ላይ። እኔ የቆምኩላቸው እናት።

ዛሬ አልጽፍም። ነገ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ። ጠዋት

እሺ። በተራ ልጻፈው። ላንቺም ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ባዶ ሳጥኖቼን ይዤ እመለሳለሁ። ዜብራው ጠርዝ ላይ አንዲት እናት ቆመዋል፣ ጥቁር ሻሽ፣ በእጃቸው የቲማቲም ፌስታል። ቆምኩ። ይለፉ አልኳቸው በእጄ። ከቀኝ ወደ ግራ ተሻገሩ። እየሄዱ፣ ሳይቆሙ፣ በቀስታ አንድ ነገር አሉ። ምርቃት ነው። አልሰማሁትም።

አልሰማሁትም። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ተሻግረው ነበር እኮ። አንድ እግራቸው ከአስፓልቱ ወጥቷል። እኔ ግን አመለጠኝ ብዬ ተንገበገብኩ። ጮክ ብዬ ጠራኋቸው። "እናቴ! ለባለቤቴ ዱዓ ያርጉልኝ! ነፍሰ ጡር ናት!"

ዞሩ። ፊታቸው በራ። አንድ ሰው ፈልጓቸው መጠራታቸው ራሱ ደስ ያላቸው ይመስለኛል። ተመለሱ። ሦስት እርምጃ፣ አራት፣ እስከ መሃል። ፌስታላቸውን መሬት አስቀመጡ። እጃቸውን ዘረጉ። ሄልሜቴን አወለቅኩ፣ አንገቴን ደፋሁ።

"አላህ በሰላም ያገላግላት" አሉ። አሚን አልኩ።

"ልጅህን አቅፈህ" አሉ።

አንገቴን ስለደፋሁ ሚኒባሱን አላየሁትም። ከኋላዬ ደርቦ ወጣ፣ በግራዬ በኩል። ነፋሱ ልብሴን ነካው። ከዚያ ድምፁ። ቀና ስል ፌስታሉ ባስቀመጡት ቦታ ቆሟል፣ አንድ ቲማቲም እንኳ አልወጣም። እሳቸው ግን እዚያ የሉም።

ሹፌሩ ደሳለኝ ይባላል፣ የውጫሌ ልጅ። ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። አልሸሸም። ወርዶ ጎማው ሥር ተቀመጠና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

ትራፊክ መጣ። ጠየቀኝ። ቆምኩላቸው፣ አልኩ። ይሄ ደርቦ መታቸው፣ አልኩ። ጠራኋቸው አላልኩም። ሌላ ያየ ሰው የለም፣ ሚኒባሱ ባዶውን ነበር፣ መንገድ ዳር ያለው ሁሉ ድምፁን ሰምቶ ነው የዞረው። ጠርተሃቸዋል ወይ ብሎ የጠየቀኝም የለም። ይሄ ግን መልስ አይደለም፣ ደብተሬ። አውቃለሁ።

ጦይባ ነው ስማቸው። እማማ ጦይባ። ስማቸውን የሰማሁት ሰው እየጮኸ ሲያለቅስባቸው ነው።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ። 9 ሰዓት

ለቅሶ ቤት። አልሄድም ብዬ ነበር። ሐ. ንጹሕ ልብሴን አውጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠችልኝ፣ የቆምክላቸው አንተ አይደለህ፣ ብላ። ጠራኋቸው የሚለውን እሷም አታውቅም።

ልጃቸው ሰዓዳ ትባላለች። አንድ ልጃቸው ናት። ዜብራው አጠገብ፣ በግራ በኩል፣ በረንዳ ላይ ልብስ የምትሰፋው። በየቀኑ ሳልፍ አያታለሁ፣ የሳቸው ልጅ መሆኗን አላውቅም። እናቷ ወደሷ ነበር የሚሻገሩት። ያን ጊዜ ውስጥ ገብታ ጨርቅ ትለካ ነበር አሉ። ሜትሩ ዛሬም አንገቷ ላይ ነው፣ ያወለቀላት ሰው የለም።

ከሴቶቹ መሃል ተነስታ ወደኔ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ለእናቴ በዚህ አገር የቆመላት አንተ ብቻ ነህ፣ አለችኝ። አላህ ይቁምልህ፣ አለችኝ።

አሚን ማለት አቃተኝ። ስንት አሮጊት ሳስቆም የኖርኩ ሰውዬ፣ በነፃ ከመጣ ዱዓ ዓይኔን ወደ ጫማዬ መለስኩ። ያዘንኩ መስሏት ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ሄደች። አዝኛለሁም። ያ ውሸት አይደለም።

ሰዉ ሁሉ ቀደር ነው ይላል። ቀናቸው ነው። ከተጻፈው አያልፍም። እኔም አብሬ ቀደር ነው አልኩ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ። ቀደር ነው፣ አምናለሁ። ግን ቀደር አፍ የለውም። የጠራቸው የኔ አፍ ነው።

ስወጣ ባጃጅ ተራ ላይ ያሉት ልጆች ተነሱልኝ። ሰኢዶ አብሽር፣ አሉኝ። ዜብራ ያለኝ የለም። ስድባቸው ናፈቀኝ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ። ጠዋት

ሞተሯን ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካኋትም። ዓሣውን በባጃጅ ነው የማስጭነው።

ደሳለኝ ታስሯል። ትናንት አባቱ አቶ መኮንን ከውጫሌ መጡ። ሽማግሌ ይዘው ሰዓዳ ደጅ ቆሙ፣ ቄሱም ሸሁም አብረው፣ እንደ አገሩ ወግ። ንግግሩን የያዙት የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ይመር ናቸው። ዛሬ ዓሣ ሊገዙ መጥተው እሳቸው ናቸው ሁሉንም የነገሩኝ።

ሰዓዳ ይቅር ለማለት አልከበዳትም ነበር፣ አሉ። አጠፋሁ ቢል ቀደር ነው ብዬ እተወው ነበር፣ አለች። ልጁ ግን ቃሉን ሲሰጥ፣ ተሻግረው ነበር፣ ከዚያ ተመልሰው መሃል ገቡብኝ ብሏል። ይሄ ነው ያንገበገባት። "እናቴን ገደላት፣ እሺ። ከገደላት በኋላ ደግሞ መንገድ የማታውቅ እብድ ለምን ያረጋታል?" አለች። የዋሸባትን ሰው ይቅር አልልም ብላ በሩን ዘጋች። አቶ መኮንን በቆሙበት ቀሩ።

ጋሽ ይመር ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጁ ቢያምን ምን ነበረበት፣ ውሸቱ ነው የያዘን፣ አሉ።

እኔ ዓሣ በእጄ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።

ውሸት አይደለም። ዜብራ ላይ ደርቧል፣ ያ ጥፋቱ ነው፣ ይጠየቅበት። ተመለሱ ያለው ግን እውነት ነው። ተመልሰዋል። እብድ ሆነው ሳይሆን ተለምነው ነው የተመለሱት። ይህን ከአላህ በታች የምናውቀው ሁለት ነን፣ እኔና እሱ። እሱ ለምን እንደተመለሱ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ።

አልተናገርኩም። ዓሣውን መዝኜ ሰጠኋቸው። መረቁኝ፣ ሄዱ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ። ከቀትር በፊት

ሥራ አልሄድኩም። ሆዴን አመመኝ አልኩ። 

ለምን እንደማልናገር እዚህ እውነቱን ልጻፍ። እስር አይደለም የምፈራው። የሰው ዓይንም አይደለም። የምፈራው ሰዓዳን ነው። ብትረግመኝስ? ያዘነ ሰው እርግማን መሬት አይወድቅም ይላሉ። ቤቴ ውስጥ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር አለች። ለዚህ ልጅ ምርቃት ስሰበስብ ኖሬ በገዛ እግሬ ሄጄ እርግማን ላምጣለት?

እንዲህ እያልኩ አሥር ቀን አለፈ። ልጁ እስር ቤት ነው፣ ውሸታም ተብሎ። አባቱ ውጫሌና ሐይቅ ይመላለሳሉ።

ያው ቀን፣ 10 ሰዓት

ለሐ. ነገርኳት። ልብስ ታጣጥፍ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ፌስታሉን ሳይቀር። ሸሚዜን ጭኗ ላይ እንደያዘች ቀረች።

ነግሬህ አልነበር አላለችም። ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ በዚህ ልጅ ስም ነው የጠራሃቸው? አዎ አልኩ። አለቀሰች። ድምፅ አላወጣችም፣ እንባዋ ሸሚዜ ላይ ይወርዳል። እርግማኑን እንደምፈራ ነገርኳት። ያን ጊዜ ተቆጣች። እናቷን አስመልሰህ ያስገደልክባት ሴት ዱዓ ስታረግልህ ዝም ብለህ የመጣህ ሰው፣ ከዚህ የበለጠ ምን እርግማን አለ፣ አለችኝ።

ሸሚዙን ከእጇ ወስጄ አጣጠፍኩት። 

ሂድ አለች። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ እንደገና ሊሄዱ ነው፣ ያኔ አብሬ እሄዳለሁ፣ አልኩ። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እሺታዬን ታውቀዋለች። ወላሂ፣ ቅዳሜ፣ አልኳት።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ። 11 ሰዓት

ተናገርኩ።

የሰዓዳ ግቢ። ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ላይ፣ አቶ መኮንን መሬት ላይ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው። ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማለች፣ ልትዘጋው የተዘጋጀች ትመስላለች። ጋሽ ይመር ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ተነሳሁ።  ልጁ አልዋሸም አልኩ። ተሻግረው ነበር፣ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ለባለቤቴ ዱዓ አርጉልኝ ብዬ ጠራኋቸው፣ እኔን ሊመርቁ ተመለሱ፣ እየመረቁኝ ነው የተመቱት። ለማንም አልተናገርኩም ነበር፣ አሁን ተናገርኩ።

 

መጀመሪያ ያለቀሱት አቶ መኮንን ናቸው። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። "ልጄን እኔም አላመንኩትም ነበር" አሉ። ሁለት ጊዜ አሉት። ከሁሉ ነገር ይሄ ነው ጆሮዬ ውስጥ የቀረው። ስንት ቀን ዓሣ ስመዝን አንድ አባት ልጁን ውሸታም ሲል ከርሟል።

ሰዓዳ አልጮኸችም። አልረገመችኝም። እስከምን ድረስ ደርሳ ነበር፣ አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ዱዓውን፣ አለች፣ እስከምን ድረስ ደርሳ ነበር? "በሰላም ያገላግላት" ብለዋል፣ አሚን ብያለሁ፣ አልኩ። "ልጅህን አቅፈህ" ሲሉ ነው።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እናቷ ለሰፈሩ ነፍሰ ጡር ሁሉ የሚሉት ዱዓ ነው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች። ቀሪው አፏ ላይ መጥቶ አየሁት።

"ቀሪውን አውቀዋለሁ" አለች። "ላንተ አልልም።"

በቁጣ አይደለም። ደክሟት ነው። ከዚያ ወደ አቶ መኮንን ሄዳ ይነሱ አባባ፣ ልጅዎ አልዋሸም፣ ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ፣ አለች። ጋሽ ይመር ወደኔ እያመለከቱ፣ ለሰኢድስ ልጄ፣ አሉ። ሰምታ እንዳልሰማች ወደ ውስጥ ገባች። በሩን አልዘጋችውም። ገርበብ አርጋ ተወችው።

ሽማግሌዎቹ በዱዓ ጨረሱ። ሁሉም አሚን አለ። እኔ ከሚመረቁት ልሁን አልሁን አላወቅኩም፣ አሚን አላልኩም።

ከዚያ በቀጥታ ትራፊክ ጽ/ቤት። ቃሌን እንደ አዲስ ሰጠሁ። ፈረምኩ። ስንፈልግህ እንጠራሃለን ብለዋል።

ለሐ. ስነግራት ጨርሳ ሰማችኝ። እሷም የጠየቀችው ቀሪውን ነው። ምን ይሆን፣ አለች። አላውቅም አልኩ። ልጅህን አቅፈህ፣ ልጅህን አቅፈህ፣ እያለች ወደ ጓዳ ገባች።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ። ጠዋት 3፡40

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ሞተሯን አስነሳሁ። አሥር ጊዜ ረግጫት ነው የተነሳችው፣ እሷም አኩርፋለች። ሁለት ሳጥን ቆሮሶ። በረዶው ዛሬ በቃ። ሐ. ደህና ናት፣ ልጁ ይራገጣል።

ሌላ መንገድ አለ፣ በጀርባ በኩል። በዚያ ልሂድ ብዬ ነበር። ሞተሯ ወደለመደችው ሄደች ልበል? እኔ ነኝ የሄድኩት።

አድርሼ ስመለስ ዜብራው ጋ ሰዓዳ ጠርዙ ላይ ቆማለች፣ በቀኝ በኩል፣ እናቷ የቆሙበት። ጥቅል ጨርቅ ታቅፋለች። ወደ በረንዳዋ ልትሻገር ነው። ቆምኩ። ማንም እንዳይደርብ ሞተሯን አግድም አዙሬ መንገዱን ዘጋሁት፣ ወረድኩ። ከኋላዬ አንድ ባጃጅ ቆመ፣ ከሱ ኋላ የጭነት መኪና። ከፊት የሚመጣውም ቆመ። ክላክስ የነፋ የለም። አፌን ዘጋሁ። እጄንም አላነሳሁም።

አልተሻገረችም።

አየችኝ። እጇን ከጨርቁ ሥር አወጣች። ለዱዓ መስሎኝ ልቤ ዘለለ፣ አፈርኩበት ኋላ። እጇን ወደ ፊት ወዘወዘችው። እለፍ ማለቷ ነው።

ትንሽ ቆየሁ። ደግማ እለፍ አለችኝ።

ሞተሯን አቃናሁና አለፍኩ። በመስታወቱ አየኋት። ከኋላዬ የነበረው ባጃጅ አልተንቀሳቀሰም፣ ያ ዜብራ ዜብራ ይለኝ የነበረው ልጅ ነው። ቆመላት። ተሻገረች። ዞር ብላም መረቀችው፣ እየሄደች፣ ሳትቆም።

የዛሬ ዱዓ፦ የለም። ከእንግዲህ ይህን መስመር አልጽፈውም።

ለሐ. ነግሬያታለሁ፦ በጀርባው መንገድ አልሄድም። ነገም በዚያው ሰዓት በዚያው አልፋለሁ። ጠርዙ ላይ ካለች እቆማለሁ፣ አልጠራትም፣ እለፍ ካለችኝ አልፋለሁ። ከነገ ወዲያም። ልጁ ቢወለድም፣ ባይወለድም።